ለእጄ የሚስማማ ኪቦርድ እስካገኝ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ሥራዬ ትየባ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ አንዳንዴ ትርጉምም አለ። ድሮ ቢሮ ተቀጥሬ በጸሐፊነት እሠራ ነበር። በ2013 ዓ.ም እናቴ ስትታመም ሥራውን ለቅቄ ቤት ገባሁ። ደንበኞቼ ግን ቤት ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ቤታቸው ቁጭ ብለው በላፕቶፕ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እኔ ያየሁትን ሕመም እናንተ እንድታዩት አልፈልግም።

የጀመረኝ ሌሊት ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ደንዝዘው አገኛቸዋለሁ። እጄን አራግፌ አራግፌ፣ ስሜቱ ሲመለስ ተመልሼ እተኛለሁ። እናቴ "ፋኑ ነው የመታሽ፣ ወደ ግድግዳ አዙሪው" አለችኝ። ድሬ ላይ ያለ ፋን መተኛት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እውነት መሰለኝ። ፋኑን አዞርኩት። መደንዘዙ ግን አልቀረም። እያደር ቀንም ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ለእንግዳ ቡና ስሰጥ ስኒው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ያን ቀን ደነገጥኩ።

ደንግጬም ግን ሐኪም ጋ አልሄድኩም። አምስት ወር ዝም አልኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ወጌሻን አላጣጥልም፤ ወንድሜ ትከሻው ሲወልቅ የመለሱለት እኚሁ ሰው ናቸው። የእኔ ግን የወለቀ ነገር አልነበረም። አንጓዬን በቅባት ጥሩ አድርገው አሹልኝ፤ በማግስቱ አብጦ አደረ። እባካችሁ፣ ሌሊት ሌሊት እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ከመታሸታችሁ በፊት ተመርመሩ።

ከዚያ "ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው" አልኩ። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ የተሰፋ ነው። ስክሪኑን ለዓይናችሁ ብላችሁ ከፍ ብታደርጉት እጃችሁ አብሮ ይሰቀላል። ለእጃችሁ ብላችሁ ዝቅ ብታደርጉት አንገታችሁ ይደፋል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ችግሩ አገዛዜ ላይ ነበር።

ከዚራ የሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ በቀስተ ደመና መብራት የሚንቦገቦግ ኪቦርድ አሳየኝ። "እህቴ፣ ይሄ የጌም ነው፤ ምርጥ ዕቃ ነው" አለኝ። አማረኝ። ካርቶኑ ሳይከፈት ገዝቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ። አንድ ፊደል እንኳ አልጻፍኩበትም። ጫማ ስንገዛ በሁለቱም እግር ለክተን፣ ቆመን፣ ተራምደን አይተን ነው። ሙሉ ቀን እጃችን የሚያርፍበትን ዕቃ ግን ካርቶኑን አይተን እንገዛለን።

ያ ኪቦርድ ሁለት ነገር አደረገኝ። በስተቀኙ የቁጥር ቁልፎች ስላሉት ስፋቱ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ፊደሎቹን ፊት ለፊቴ ሳደርግ ማውሱ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ግማሽ ስንዝር የማትሞላ ርቀት ናት። ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትዘረጉ አስቡት። ቀኝ ትከሻዬ ማታ ማታ ይቃጠል ጀመር። ሁለተኛው ከኋላው ያሉት ሁለት ትንንሽ እግሮች ናቸው። አዲስ ኪቦርድ ሲገዛ ብዙ ሰው መጀመሪያ እነሱን ይዘረጋል። እኔም ዘረጋኋቸው። የኪቦርዱ ጀርባ ከፍ ሲል እጄ ወደ ኋላ ይቆለመማል። በዚያ ሁኔታ ስድስትና ሰባት ሰዓት እጽፋለሁ። እግሮቹን የምታጥፏቸው ዛሬውኑ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወጪ የለውም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ያንን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወረድኩ። በዚህኛው ዙር ተምሬያለሁ ብዬ ነበር። ትንሽ፣ የቁጥር ቁልፍ የሌለው፣ ያገለገለ ግን ጠንካራ ኪቦርድ አገኘሁ። ጥቂት መስመር ሞከርኩበት፤ ቁልፎቹ ለስላሳ ናቸው። የታተሙት ፊደሎች ቦታቸው የተዘበራረቀ መሰለኝ። ሻጩን ጠየቅኩት። "አቦ አታስቢ፣ ይሠራል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ገዛሁት።

ነገሩን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። እናቴን ሊጠይቁ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አዩትና "ይሄማ የፈረንሳይ ነው!" አሉ። "እኛ ቢሮ የነበረው የጽሕፈት መኪና እንዲህ ነበር፤ ኤ እዚህ፣ ኪው እዚህ።" የባቡሩ ቢሮ በፈረንሳይኛ ይሠራ እንደነበር ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከተማዋ ራሷ በፈረንጆቹ 1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የወለዳት ናት። ጅቡቲ ደግሞ እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛ ትጽፋለች። በዚያ በኩል የሚገባ ዕቃ ፈረንሳይኛ ቢሆን አይገርምም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ። ኪቦርዱ ላይ የታተመው ፊደልና ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ፊደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያወጣ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ የመረጣችሁት ቋንቋ ነው። ሳላይ ስለምጽፍ የፈረንሳይ ፊደል መታተሙ አልረበሸኝም። ከዱባይ የመጣ፣ ዐረብኛ ፊደል አብሮ የታተመበት ኪቦርድም እንደዚሁ ነው፤ አትፍሩት። "የአማርኛ ኪቦርድ" እያላችሁም ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቱ። አማርኛው ያለው ኪማንን በመሰለ ሶፍትዌር ውስጥ ነው፤ ኪማን ደግሞ በነጻ ይገኛል። የፊደል ስቲከር እንኳ ባትለጥፉ እመርጣለሁ። በእኛ ሙቀትና ላብ ጠርዙ ይነሳና ጣት ያደናቅፋል።

የጎዳኝ ሌላ ነበር፤ የግራ ሺፍት። በአሜሪካ አሠራር የግራ ሺፍት ረጅም ነው። በአውሮፓ አሠራር ግን አጭር ነው፤ በሱና በዜድ ቦታ መሃል አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ገብቷል። ትንሿ ጣቴ ያንን ቁልፍ ተሻግራ መድረስ አለባት። ስትስት ያጋደለች መስመር ጽሑፉ ውስጥ ትገባለች። ለዳኛ በሚቀርብ ማመልከቻ መሃል ያቺን መስመር ስለቅም አመሸሁ።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይሄ ያን ያህል ላይከብደው ይችላል። አማርኛ ግን ሌላ ነው። "ሰላም" ሦስት ፊደል ነው፤ ለጣት ግን አምስት ምት ነው። ከዚያ ላይ ሺፍት ይጨመራል። እኔ በምጽፍበት መንገድ ጥ፣ ጭ፣ ኝ ሁሉም ከሺፍት ጋር ነው የሚወጡት። እስኪ "ጭብጥ" የሚለውን ቃል አስቡት፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ያለሱ አይሆንም፤ ሁለት ሺፍት አለበት። "እንዲሰጠኝ" ሁለት። "እንዲወሰንልኝ" አንድ። አንድ ማመልከቻ ላይ ትንሿ ጣት ስንት ጊዜ እንደምትሠራ ቁጠሩ። እኔ ሁሉንም በግራዋ ነበር የምሠራው። ሦስት ወር ሳይሞላ የግራ ትንሿ ጣቴ ከሥሯ ጀምሮ እስከ ክንዴ ድረስ ታመመች። የቀኝ እጄ መደንዘዝ ሳይለቀኝ ግራዬ ተጨመረ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ያለቀስኩበት ሌሊት አለ። የምበላው በእጄ ነው፣ የእናቴን ገላ የማጥበው በእጄ ነው፣ እንጀራዬም በእጄ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ያገኘኋት ባለሙያ ወጣት ናት። እጄን ከመረመረች በኋላ ስለ ኪቦርድ እንድትነግረኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን "ቤት ሂጂና ስትሠሪ ከጎን ፎቶ ተነሺ፤ አታስተካክዪው፤ እንደ ሁልጊዜሽ ሁኚ" አለችኝ። የወንድሜ ልጅ በስልኩ አነሳኝ። ያንን ፎቶ ሳይ ራሴን አላወቅኩትም። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ገብቷል። ክርኔ ከጠረጴዛው በታች ነው፤ አንጓዬ ደግሞ ወደ ላይ ተሰብሯል።

አንጓ ውስጥ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ እንዳለች ነገረችኝ። ካርፓል ተነል ይሏታል። በሷ ውስጥ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አንጓው ወደ ላይም ወደ ታችም ሲታጠፍ ውስጡ ይጨናነቃል። ነርቩ የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ስሜት የሚሸከም ነው። የእኔ ጣቶች ለምን እነዚያ እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌሊት የሚብሰው ደግሞ ብዙዎቻችን አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነው። ማታ ማታ የማስረው የአንጓ መደገፊያ ሰጠችኝ። "ከሁሉ በፊት ግን ጠረጴዛሽን አስተካክዪ፤ ኪቦርዱ ከዚያ በኋላ ነው" አለችኝ።

ጠረጴዛውን ለካሁት፤ 77 ሴንቲ ሜትር። የምግብ ጠረጴዛ ነው። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ፤ የምቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበርም ዝቅ ያለ ነው። የእናቴን ጠረጴዛ እግር መቁረጥ አይታሰብም። ስለዚህ ራሴን ከፍ አደረግኩ። አንድ የፍራሽ ቁራጭ በጨርቅ ሰፍቼ ወንበሩ ላይ አደረግኩ። እግሬ ሲንጠለጠል የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ከሥሩ አስገባሁ። ላፕቶፑን በሌላ ሳጥንና በሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከፍ አደረግኩት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይኔ ጋር ትክክል እስኪሆን። ክርኔ ከጎኔ ሳይርቅ፣ ቀጥ ካለ ማዕዘን ጥቂት ከፈት ብሎ፣ ክንዴ ለጥ አለ። አንጓዬ ከክንዴ ጋር አንድ መስመር ሆነ። በሳምንቱ ትከሻዬ ዝቅ አለ። ገና ምንም አልገዛሁም ነበር።

ሦስተኛውን ኪቦርድ ስመርጥ አልቸኮልኩም። ላፕቶፔን የሚጠግንልኝ ልጅ ሱቁ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለው። ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሄድኩ። ቀትር ላይ ድሬ ሱቅ ዘግታ ታርፋለችና ጊዜዬን አስቤ ነው የወጣሁት። "ወንድሜ፣ ዛሬ ልገዛ ሳይሆን ልሞክር ነው የመጣሁት" አልኩት። ወንበር አመጣልኝ። ጽሑፌን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር። ኪማንን ጫነልኝና ያንኑ አንድ ገጽ ማመልከቻ በእያንዳንዱ ላይ ጻፍኩት። ስማችሁን ወይም "ሰላም ነው ወይ" የምትለዋን ብቻ ጽፋችሁ አትወስኑ። ጣት የሚደክመው ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ ነው። ጭብጥ ያለበትን፣ ጥያቄ ያለበትን፣ የራሳችሁን ሥራ ጻፉ።

መጀመሪያ የማየው የግራ ሺፍትን ነው። አጭር ከሆነ አልነካውም። ቀጥሎ ውፍረቱን። ወፍራም ኪቦርድ እግሩ ታጥፎም አንጓን ያነሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ፣ ከፊትም ከኋላም ያልተለያየ ፈለግኩ። ከዚያ የቁልፉ ክብደት። አንዳንዱ ርካሽ ኪቦርድ ውስጡ ያለው ጎማ ደረቅ ነው፤ በኃይል ካልመታችሁት ፊደል ይዘላል። ፊደል የሚዘል ኪቦርድ ሰውን ቁልፍ መደብደብ ያስለምዳል፤ ልማዱ ደግሞ ሌላ ኪቦርድ ላይም ይከተላችኋል። ጠረጴዛ ላይ ሲገፉት የሚንሸራተት ከሆነም ተዉት።

ሜካኒካል የሚባሉ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ ያለው ኪቦርዶችም አሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሱን አውሶኝ ነበር። በአብዛኛው ከቁልፉ ሥር ባለው መጫኛ ቀለም ነው የሚለዩት፤ ሰማያዊው ሲጫን "ጠቅ" ይላል፣ ቡናማው ድምፅ ሳያሰማ እጅ ላይ ይታወቃል፣ ቀዩ ምንም ሳይዝ ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል። ጥቅማቸው እስከ መጨረሻው ባትጫኑትም ፊደሉ መውጣቱ ነው፤ አራት ሚሊ ሜትር ከሚወርደው ሁለቱ ይበቃዋል። ጣቴ ወዶት ነበር። የተዋስኩት ግን ሰማያዊ ነበር። እኔ የምሠራው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፤ አየሩ የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው፤ እናቴ ደግሞ ከጎኔ ትተኛለች። በሁለተኛው ሌሊት መለስኩለት። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ወይም ቀዩን ካገኛችሁ ሞክሩት። ግን ረጃጅም ናቸው፤ መቀመጫችሁን እንደገና ማስተካከል ሊኖርባችሁ ነው። ለሁለት የተከፈሉ፣ መሃላቸው ጉብ ያሉ ኪቦርዶችም እንዳሉ አውቃለሁ። ለአንጓ ጥሩ እንደሆኑ ባለሙያዋም ነግራኛለች። በዞርኩባቸው ሱቆች ግን አላየሁም፤ ሳልሞክር ደግሞ ከሩቅ አላስመጣም አልኩ።

የወሰድኩት 87 ቁልፍ ያለው፣ የቁጥር ክፍል የሌለው፣ ቁልፎቹ እንደ ላፕቶፕ ዝቅ ያሉ፣ በኬብል የሚሰካ ጥቁር ኪቦርድ ነው። መብራት የለውም። ያገለገለ ነበር። ገመድ የሌለው ከፈለጋችሁ ክፋት የለውም። እኔ ግን ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ባትሪ ፍለጋ መሮጥ አልፈልግም።

መዳፍ ማሳረፊያም ገዝቼ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ። በግንቦት ሙቀት እጄ ላይ ይጣበቃል፤ ላቡም ያሳክካል። አሁን አንድ የጥጥ ፎጣ አጥፌ ነው የማደርገው፤ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። እሱም ቢሆን ሳልጽፍ ላርፍበት ነው። እየጻፋችሁ አንጓችሁን አትደገፉበት፤ ያቺኑ ጠባብ መተላለፊያ ከታች ይጫናታል።

ከኪቦርዱ እኩል የረዳኝ ግን የቀኝ ሺፍት ነው። ለዓመታት ቢሮ ውስጥ ስጽፍ ነክቼው አላውቅም ነበር። ጥ እና ጭ የሚጻፉት በግራ እጅ ባሉ ቁልፎች ነው። ሺፍቱንም በግራ ስይዝ አንድ እጅ ብቻውን ተለጥጦ ሁለቱንም ይሠራል። ቀኝ እጅ ሺፍት ቢይዝ ግን ግራው ሳይለጠጥ ይመታል። ኝ ደግሞ በተቃራኒው፤ ሺፍቱ በግራ፣ ፊደሉ በቀኝ። ለመልመድ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደብኝ። ፍጥነቴ ወርዶ ሥራ አዘገየሁ፤ ሁለት ደንበኛ አጣሁ። አልቆጭም። ሕመሙ የጠናባችሁ ካላችሁ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ዘዴ አለ። ሺፍትን አምስት ጊዜ ተከታትላችሁ ብትጫኑ "ስቲኪ ኪይስ" የሚባል ነገር ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ከፈቀዳችሁለት ሺፍትን ነክታችሁ ትለቃላችሁ፤ ከዚያ ፊደሉን ትመታላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የለም። የጣቴ ሕመም በበረታበት ወር ያዳነኝ እሱ ነው።

የሌሊት መደገፊያውን ሁለት ወር ያህል አሰርኩት። መደንዘዙ መጀመሪያ ከየሌሊቱ ወደ ሳምንት አንዴ ወረደ፤ ከዚያ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ ተገላገልኩ አልልም። ሰኔ ላይ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲጎርፉ አልፎ አልፎ ይመጣል። ያኔ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ ለእናቴ ውሃ እቀዳለሁ፣ ወይም በረንዳ ወጥቼ እጄን አፍታታለሁ። የናንተ ጣቶች መደንዘዝ ብቻ ሳይሆን ዕቃ መያዝ ካቃታቸው፣ ወይም የአውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ ከሳሳ፣ ኪቦርድ ስትቀያይሩ ጊዜ አታባክኑ። ሐኪም ጋ ሂዱ።

የፈረንሳይኛውን ኪቦርድ አባባ ወሰዱት። የልጅ ልጃቸው ፈረንሳይኛ ትማራለች፤ እሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው ያርሟታል።

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከሐረር ደውላ "እህት ዓለም፣ ኪቦርድ ምረጪልኝ" አለችኝ። እጇን ያማት ጀምሯል። መጀመሪያ ስትሠራ ከጎን ተነስታ ፎቶ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ትናንት ማታ ላከችልኝ፤ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው። ቅዳሜ ትመጣለች። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከዚራ እንወጣለን፤ ዛሬ ግን ሜትር ፈልጋ የጠረጴዛቸውን ቁመት እንድትለካ ነግሬአታለሁ።